የቀኝ እጅ ልክ

ሐይቅ፣ ሰኔ 6 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰዓድ፤

እንደምን ከርመሃል? እኔ ከጆሮዬ በቀር ሁሉ ነገሬ ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን። ስልክ አያነሱም ብለህ አትቆጣ። አነሳለሁ፤ የሚወራው አይሰማኝም እንጂ። ሠላሳ ዓመት ቶርኖ አጠገብ የቆመ ሰው ብረት ብቻ አይደለም የሚላጨው፣ ጆሮውም አብሮ ይላጫል። ስለዚህ ከእንግዲህ በወረቀት እንነጋገር። ልክና ሥዕልም ቢሆን በወረቀት ሲሆን ይገባኛል።

ቀስትህ ደርሷል። ኑርዬ ሚኒባሱ ጣራ ላይ አስሮ ያመጣዋል ብዬ ስሰጋ፣ በጋቢ ጠቅልሎ ጋቢና ውስጥ እንደ ሙሽራ አስቀምጦ አመጣው። ወደ ውጫሌ የሚሄድ አንድ ተሳፋሪ “በሽተኛው ምን ሆኖ ነው?” ብሎ ጠየቀኝ ይላል።

ከመጽሔት ቀድደህ የላክኸውን ሥዕል አየሁት። ለቀስቴ ከሦስቱ ማረጋጊያ የትኛውን እንምረጥ ነው ጥያቄህ። አጭሩ ዘንግ ለአዳኝ ይመስለኛል፣ ኢላማ ፊት ቆሞ ለሚውል ሰው አይሆንም። ረጅሙ ከፊት ወጥቶ ሁለት አጫጭር ዘንጎች በጎን የሚዘረጉበት መልኩ ያምራል፤ ግን መገጣጠሚያው በዛ፣ መገጣጠሚያ ሲበዛ የሚላላው ይበዛል። የእኔ ምርጫ አንድ ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ክብደት። ቀስት ሲለቀቅ እጅ ውስጥ መዝለል ይወዳል። ከፊቱ ረጅም ነገር ከያዘ ግን ለመዞር ይሰንፋል። ማረጋጊያ ማለት ይኸው ነው፣ ቀስትን ስንፍና ማስተማር።

ዘንጉን የምሠራው ከጎረቤቴ ከሼህ ሙሐዲን የቴሌቪዥን አንቴና ነው። ዲሽ ከገባ ወዲህ ጣራ ላይ የወፍ ማረፊያ ሆኖ ቀርቷል፤ አሉሚኒየሙ ቀጭንና ቀላል ነው። ለክብደቱ ዓሣ አስጋሪዎቹ መረብ የሚያሰምጡበትን እርሳስ አቅልጬ አፈሳለሁ። አንድ ችግር አለ። ያ ፈረንጅ አሠልጣኝህ ሲሄድ የሰጠህ ቀስት ጥርሱ በኢንች የወጣ ነው፤ እዚህ ገበያ ያለው ብሎን ሁሉ የሚሊ ነው። ጥርሱን ቶርኖ ላይ ራሴ አወጣለታለሁ።

እስከዚያው አንዱን ዘንግ ከነክብደቱ በሽቦ አስሬ ሞክሬዋለሁ። ሲመታ ይጮሃል ይላል ሼህ ሙሐዲን። እኔ ምንም አልሰማሁም፤ በጥርሴ ነክሼ ሳስመታው ግን እስከ አናቴ ነዘረኝ። ጆሮዬ የተወውን ጥርሴ ይሰማል። በዘንጉና በክብደቱ መሃል የካላማዳሪያ ጎማ አስገብቼ ጸጥ አደርገዋለሁ።

አሁን የምትመልስልኝ ሦስት ነገር አለ። ክንድህን ዘርግተህ ቀስት ስትይዝ ስንት ስትቆጥር ይንቀጠቀጣል? ፍላጻው ሲለቀቅ የቀስቱ ራስ ወዴት ይሄዳል? ደግሞ አውታሩን የምትስብበት የጣት ቆዳ እቆርጥልሃለሁ ብያለሁና፣ የቀኝ እጅህን ወረቀት ላይ ዘርግተህ ዙሪያውን በእስክሪብቶ አስምርልኝ። ልኩ በግምት አይሆንም። የመሃል ጣትህ ጠማማ ነው፣ ቶርኖዬ ሲነክስህ ያጣመመው፣ ያም የእኔ ጥፋት ነው። ቆዳው ለዚያ ጣት መመቸት አለበት።

ጋሼህ ወልዴ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 11 ቀን 2013 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልዴ፤

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደ ልማድዎ “ወዐለይኩም፣ አንተ ሰነፍ” ብለው እንደሚመልሱልኝ አውቃለሁ። እኔም እህቴም ደህና ነን፣ አልሐምዱሊላህ። ኢልሀም አሁንም ያው ስፌት ቤት ነች። ጋሼ ወልዴ አንገታቸውን እንዳይበርዳቸው ብላ ሹራብ ጀምራለች፤ መቼ እንደምትጨርሰው አላህ ነው የሚያውቀው።

ለጥያቄዎ፤ ሃያ አምስት ስቆጥር ክንዴ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ፍላጻው ሲሄድ የቀስቱ ራስ ወደ ግራ ይዘላል፣ ከዚያ ወደ ፊቴ ይመለሳል። ፈረንጁ ከመሄዱ በፊት “አንተም ደህና ነህ፣ ቀስቱም ደህና ነው፣ የተጣላችሁት በመሃላችሁ ነው” ብሎኝ ነበር። እርስዎ የመረጡት አንዱ ረጅም ዘንግ እንዲያስታርቀን ነው የምለምነው።

በኑርዬ በኩል ለምን ይህን ያህል ትጨነቃለህ ብለውኛል። ልንገርዎት። ክለባችን በለውጡ ሰሞን፣ ሁሉ ነገር ይከፈታል ሲባል የተከፈተ ነው። አሁን ሰው እየሳሳ ነው፤ አዳራሹንም ሊወስዱብን እያዩት ነው። ጥር ላይ ግን ለውጭ ውድድር አራት ሰው ይመረጣል። እኔ አምስተኛ ነኝ። ከአራተኛው የምለየው በሁለት ነጥብ ነው፤ ሁለቱን ነጥብ የሚበላብኝ ያ ዝላይ ነው። ሌላ የምችለው ሥራ የለኝም ብል ያስተማሩኝን ቶርኖ መካድ ይሆንብኛል። ነገር ግን ጋሼ፣ ወላሂ እውነቴን ነው፣ በዚህ ዕድሜዬ ሙሉ ሰው የሆንኩ የሚመስለኝ ቀስቱን ስቤ፣ ገና ሳልለቅ፣ ትንፋሼን ይዤ ስቆም ብቻ ነው። ይህን ለኢልሀም እንኳ ተናግሬ አላውቅም።

ስለ ጦርነቱም በእሱ አፍ የጠየቁኝን ይተዉት። ከክለባችን ሁለቱ ዘምተዋል። እኔ ቀስት ይዤ የት እዘምታለሁ? አብሽሩ።

የእጄን ልክ በሚቀጥለው እልካለሁ። ኑርዬ መኪናውን አስነስቶ ጥሩንባ እየነፋብኝ ነው።

ልጅዎ ሰዓድ


ሐይቅ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰዓድ፤

እመጣለሁ፣ አወጣዎታለሁ ያልከውን አነበብኩ። አትምጣ። እኔ የትም አልሄድም። ባለቤቴ ስህን ከሞተች ወዲህ ከቤቴ የሚያስወጣኝም፣ ውጭ የሚጠብቀኝም ሰው የለም። ከውጫሌ በኩል ሰው ፍራሹን ተሸክሞ፣ ልጁን አዝሎ ሲያልፍ ይውላል። ከባድ መሣሪያው ቀርቧል ይሉኛል። እኔ በእግሬ ነው የምሰማው፤ መሬቱ ይነግረኛል።

ማረጋጊያው አልቋል። ሦስት የእርሳስ ክብደት አፍስሼለታለሁ፤ ቀላል፣ መካከለኛ፣ ከባድ። ሦስቱም ተፈትለው ይገባሉ፣ ተፈትለው ይወጣሉ። የትኛው እንደሚሻል እጅህ ይምረጥ፤ ይህን እኔ ልመርጥልህ አልችልም።

ቀስቱን ፈታትቼ፣ እጀታውን ለብቻ፣ ክንፎቹን ለብቻ፣ ዘንጉንም ጨምሬ በላስቲክ ጠቅልዬ ጓሮ ከጌሾው ሥር ቀብሬዋለሁ። አደራህ መሬት ውስጥ ነው። ቶርኖውን ግን ማን ይቀብረዋል? ስምንት ኩንታል ነው። ዘይት ቀባሁትና ጨርቅ አለበስኩት።

ኑርዬ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ደሴ እየወጣ ነው፤ ይህን የምሰጠው ለእሱ ነው። የእጅህን ልክ አሁንም አልላክህም። ስጠይቅህ ሁለተኛ ጊዜዬ ነው።

ወልዴ


ሐይቅ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰዓድ፤

አለሁ። መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ ይህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው፤ ሁለቱ መንገድ ላይ ቀርተው ይሆናል ብዬ ራሴን አጽናናለሁ። ማን እንደሞተ ብጽፍልህ ወረቀቱ አይበቃም፣ አንተም ብቻህን አንብበህ መርዶ መስማት የለብህም። ስትመጣ ሽማግሌ ተሰብስቦ በወጉ ይነገርሃል።

ቶርኖው የለም። ጭነው ወሰዱት። ሲሚንቶው ላይ አራት ብሎን ቀርቷል፤ ጠዋት ጠዋት እሄድና አያቸዋለሁ። ማን ወሰደው አትበለኝ፣ ተደብቄ ነበር። የቤቱ ዕቃ ሁሉ እንዲሁ ነው። በየቤቱ ድስት የለም። ሰው ሲሞት ለለቀስተኛ የሚቀቀልበት የዕድራችን፣ የቅሬው፣ ትልቅ ድስት እንኳ ሄዷል፤ እናም ሟች በበዛበት ሰሞን መቀቀያ አጣን። ስለዚህ አሁን ድስት ሠሪ ሆኛለሁ። ሰው የተቀጠቀጠ መስኮት፣ የተቃጠለ መኪና ቁርጥራጭ ያመጣልኛል። አሉሚኒየሙን በከሰል አቀልጥና በአሸዋ ቅርጽ አፈሰዋለሁ። ለዚህ ቶርኖ አያስፈልግም።

ቀስትህ ግን ደህና ነው። ቆፍሬ አወጣሁት፤ እርጥበት እንኳ አልነካውም። ከዚህ ሁሉ ጥፋት እንዳለ የተረፈው የአንተ ቀስት ብቻ ነው ብል ማጋነን አይደለም።

አንድ ነገር መልስልኝ። ኑርዬ ሸሽቶ ሳለ ኅዳር ላይ ሸዋ ሮቢት አካባቢ ከዘማቾች ጋር መኪና ላይ ሆነህ አየሁት ይላል። ኑርዬ ሰውን ከሰው ማምታታት ልማዱ ነው። ውሸት ነው በለኝና ልረፍ።

ወልዴ


አዲስ አበባ፣ ጥር 16 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልዴ፤

“አለሁ” የምትለዋን ቃል ኢልሀም ስታነብልኝ ሁለታችንም አለቀስን። ስለ ቶርኖው ምን እላለሁ? ያደግሁበት ቤት የፈረሰ ያህል ተሰማኝ። አላህ ይተካልዎት።

ፊደሉ የኢልሀም ነው። ትኩሳት ይዞኝ ተኝቻለሁ፤ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ስለ ኑርዬ የጻፉትን ስሰማ ሳቅሁ፤ ኑርዬ እንኳን በሰላም ተመለሰ።

ክለቡ ተዘግቷል። አዳራሹ መጋዘን ሆኗል፤ የክለቡ ቀስቶች የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። የጥር ወሩ ምርጫም ተሰርዟል፤ መቼ እንደሚሆን አይታወቅም። ከእንግዲህ በዚህ አገር እኔ የምስበው ቀስት እርስዎ ዘንድ ያለው ብቻ ነው። ይጠብቁልኝ፣ አደራ።

እስካሁን የሠሩትን ማረጋጊያ ትንሽ እናሻሽለው። ከፊት ከባዱን እርሳስ ይምረጡልኝ፤ ከተቻለ ይጨምሩበት። አያያዜን እየለወጥኩ ነው። ጭንቅላቴ ድሮ ከነበረበት ወደ ፊት ይመጣል፣ ስለዚህ ቀስቱ ከድሮው ይልቅ መስነፍ አለበት። መጽሔቱ ላይ ካየናቸው የጎን ዘንጎችም የቀኙን ብቻ ይጨምሩልኝ፣ ግራውን ይተዉት። ምክንያቱን ስመጣ አሳይዎታለሁ። እስከዚያው በግራ እጄ እንጨት ይዤ፣ ጫፉ ላይ ውሃ የሞላ ሃይላንድ አንጠልጥዬ እለማመዳለሁ። አርባ ድረስ እቆጥራለሁ። ድሮ ሃያ አምስት እንደነበር ያስታውሳሉ።

ልጅዎ ሰዓድ


ሐይቅ፣ የካቲት 5 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለሰዓድ፤

ከባዱን መርጫለሁ። በላዩም አንድ ቀለበት እርሳስ ጨምሬበታለሁ። የቀኙን ዘንግ ብቻ ያልከው ግን አልገባኝም። በአንድ ጎኗ ብቻ የተጫነች አህያ የት ትደርሳለች? ይሁን፣ ካልክ እሠራለሁ። ያለ ቶርኖ የኢንች ጥርስ በሞረድ ማውጣት ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ ጊዜ ሞልቶኛል።

ሌላም ያልገባኝ ነገር አለ። ትኩሳት የያዘው ሰው ሃይላንድ አንጠልጥሎ አርባ አይቆጥርም። የኢልሀም ፊደል ያምራል፣ የአንተ እንደ ዶሮ ጭረት ነው፤ ቢሆንም ከታች አንዲት መስመር በራስህ ጭረት ብትጨምርበት ምን ነበረበት? ኑርዬ አየሁት ላለውም መልስ አልሰጠኸኝም። ሳቅሁ ብቻ ነው ያልከው።

ልጄ፣ እኔ መስማት እንጂ ማንበብ አላቃተኝም።

የቀኝ እጅህን ልክ ላክልኝ። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፤ አራተኛ አልጠይቅህም።

ወልዴ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልዴ፤

ስላስቆጣሁዎት ይቅርታ። ትኩሳቱ እየሄደ እየመጣ አስቸገረኝ እንጂ ሌላ ነገር የለም።

እነሆ የቀኝ እጄ ልክ፣ በዚሁ ወረቀት ጀርባ። ቆዳው የበሬ ይሁን፤ ወፍራም፣ ሰፋ ያለ፣ ቀለም ያልነካው። ቀለም እንዳይነካው አደራ።

ለኢድ ሐይቅ እመጣለሁ ኢንሻአላህ። ሐይቁ ዳር ቆሜ አንድ ፍላጻ ለቅቄ አሳይዎታለሁ። ከዚያ በኋላ የፈለጉትን ያህል ይቆጡኝ፣ ይጠይቁኝም። እስከዚያ ብቻ ይታገሡኝ።

ልጅዎ ሰዓድ


ሐይቅ፣ መጋቢት 15 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢልሀም፤

ደብዳቤውን ለአንቺ የጻፍኩት ስላወቅሁ ነው። ከእንግዲህ በእሱ ስም እየጻፍሽ አትድከሚ።

የላክሽልኝ እጅ የሰዓድ አይደለም። የመሃል ጣቱ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለ ነው። የሰዓድን ጣት ያጣመምኩት እኔ ነኝ፤ ሠላሳ እጅ ቢደረደር ከመሃል አወጣዋለሁ። ወረቀቱን ገልብጬ ሳየው መጀመሪያ ተቆጣሁ። ቀጥሎ ሰዓድ እንደሌለ ገባኝ።

አልወቅስሽም። ለደንቆሮ ሽማግሌ፣ ለብቻው ለሚያድር ሰው፣ የልጁን መርዶ በወረቀት መላክ ነውር ነው። ብቻውን ሰምቶ አንድ ነገር ይሆናል ብለሽ ነው በእሱ ስም የጻፍሽልኝ። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ይህንኑ አደርግ ነበር። ሰው ልኬም ሆነ በስልክ ባስጠይቅ “ደህና ነው” ከማለት ሌላ መልስ እንደማላገኝም አውቃለሁ። ኑርዬን ጠየቅሁት። ዕቃውን የሚቀበለኝ ባለ ሱቁ ሀሚድ ነው፣ ሰዓድን ግን በዓይኔ አላየሁትም፣ ደህና ነው ይሉኛል አለ። ሲናገር መሬት መሬት ያይ ነበር። በቃኝ።

ለሼህ ሙሐዲን ነገርኩት። ሁለታችን ደጃፌ ተቀምጠን አለቀስን። ከዚያ እንደ እናንተ ወግ ሰደቃ ይውጣለት ተባባልን። በግ ነበረኝ፤ ሼህ ሙሐዲን አረደው። ሐሙስ ዕለት እስላሙም ክርስቲያኑም መጣ፣ ከውጫሌ ድረስ የመጣ አለ። ዱአ ሲያደርጉ አይሰማኝም፤ አፋቸውን እያየሁ አሜን አልኩ። እኔ ሑዳዴ ላይ ነኝ፣ ንፍሮ ቆረጠምኩ።

ቀስቱን ደግሞ ማየት አቃተኝ። ለአንቺ ልላከው ብዬ ነበር፤ ግን የደበቅሽኝን ነገር በግድ ማናዘዝ መሰለኝ። ሼህ ሙሐዲን የሟች ዕቃ ሰው በጠቀመ ቁጥር ምንዳው ለሟቹ ይደርሰዋል አለኝ። ለአንተ የመጣ አደራ ነው፣ እሱ ከሌለ አንተ የመሰለህን አድርግ አለኝ። ቅሬው ደግሞ ድስት የለውም። ሦስት ቀን አሰብኩበት። ከሰደቃው በፊት ሰኞ ዕለት ከሰል አያያዝኩና እጀታውንም፣ ያንን ረጅሙን ዘንግም፣ በሞረድ ጥርስ ያወጣሁለትን አጭሩንም አቀለጥኩት። ከአንድ ቀስት ብዙ አይወጣም፤ የመስኮት ቁርጥራጭ ጨመርኩበት። ደህና ድስት ወጣው። ጎኑ ላይ በመሮ “የሰዓድ” ብዬ ጻፍኩ። የራሱን ሰደቃ ንፍሮ ቀቀልንበት።

ክንፎቹ አይቀልጡም፣ አሉ። አንድ ቀን ስትመጪ ትወስጃቸዋለሽ። ነፍሱን ይማር ልበል፤ በእናንተ እንዴት እንደሚባል ሼህ ሙሐዲን ነግሮኝ ነበር፣ ረሳሁት።

ጋሼሽ ወልዴ


አዲስ አበባ፣ መጋቢት 27 ቀን 2014 ዓ.ም.

ጋሼ ወልዴ፤

የምጽፈው እኔ ሰዓድ ነኝ። በግራ እጄ ነው። ይህቺን ለመጻፍ ከዙህር ሶላት እስከ አስር ሶላት ፈጅቶብኛል።

አልሞትኩም።

ማስረጃ ከፈለጉ፤ ቶርኖው ጣቴን የነከሰኝ ቀን ከእኔ ይልቅ ያለቀሱት እርስዎ ነበሩ። ለእትዬ ስህን ከብስክሌት ወደቀ ብለው ዋሹላት። ይህን ከእርስዎና ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም።

ኑርዬ ያለው እውነት ነው። ወደ እርስዎ የሚወስደው መንገድ ተዘግቶ ነበር፤ ወደዚያ የሚሄድ ያገኘሁት መኪና የዘማቾቹ ብቻ ነበር። የሆነውን አልጽፍም። ቀኝ እጄ ከክርን በላይ ጀምሮ የለም። የላክሁልዎት እጅ የሀሚድ ነው፣ የባለ ሱቁ። ኢልሀም አሰመረችው። ጣቱን ማጣመም ትዝ አላለንም።

ለምን ደበቅህ ይሉኛል። ሆስፒታል ውስጥ አንድ እጅ የሌለው ሰው አውታሩን በጥርሱ ስቦ ሊወረውር እንደሚችል አንዲት አካል የምታሠራኝ ሴት ነገረችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ካላማዳሪያ አልጋው እግር ላይ አስሬ፣ ቆዳ ነክሼ እስበው ነበር። ሁለት ጥርሴ ተነቃንቋል። ሦስት ወር ሙሉ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ከፊት ክብደት ጨምሩልኝ ያልኩዎት ለዚህ ነው፤ በጥርስ ሲሳብ ጭንቅላት ይንቀጠቀጣል፣ ቀስቱ ካልሰነፈ አይሆንም። የቀኙን ዘንግ ብቻ ያልኩት ቀኝ ጎኔ ቀልሎ ወደ ግራ ስለሚያጋድለኝ ነው፤ ቆዳው ሰፊ ይሁን፣ ቀለም አይንካው ያልኩት ደግሞ በጥርሴ ስለምይዘው ነው። መጀመሪያ አንድ ፍላጻ ፊትዎ ልለቅ፣ እጄን ቀጥሎ ቢያዩት አይከብድዎትም ብዬ ነበር።

ኢልሀም ደብዳቤዎን ስታነብልኝ ከሰል የሚለው ጋ ስትደርስ ወረቀቱን ልታጥፈው ጀመረች። ቀጥይ አልኳት። ጨረሰችው።

አልተቆጣሁም ብል ውሸት ነው። ግን የምቆጣው ሰው አጣሁ። ጣት ማጣመም የረሳሁት እኔ ነኝ።

ሰዓድ


ሐይቅ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሰዓድ፣ ልጄ፤

ኑርዬ ደብዳቤህን ሰጥቶኝ እስክጨርስ ቆመ። “አልሞትኩም” የምትለዋን ሳነብ እልል ብያለሁ አሉ፤ አልሰማሁትም፣ ኑርዬ ነው የነገረኝ። ከታች ያለውን ሳነብ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። በአንድ ወረቀት ልጅ አገኘሁ፣ በዚያው ወረቀት ደግሞ ያን ልጅ በገዛ እጄ የገደልኩት መሰለኝ።

ቀጥ ብዬ ድስቱን ላመጣ ሄድኩ። እሳት ላይ ነበር። የጎረቤታችን የመስኡዳ ባል አርፎ ለለቀስተኛ ማፍጠሪያ ንፍሮ ይቀቀላል። እስኪበስል፣ እስኪታደል፣ እስኪታጠብ ተቀመጥኩ። ሼህ ሙሐዲን ነገሩን ሲሰማ “ውሰደው፣ የባለቤቱ ነው” አለኝ። ታቅፌው ወደ ቤት መጣሁ። መጀመሪያም አውቄዋለሁ፣ አውቄ ነው የሄድኩት። ከመስኮት ጋር የተደባለቀ አሉሚኒየም ተመልሶ ቀስት አይሆንም። በመጀመሪያው ስበት ይሰበራል፤ አንተ ደግሞ በጥርስህ ነው የምትስበው፣ ፊትህ ላይ ነው የሚሰበረው። የሚልገውም ቶርኖ የለኝም። ማታውኑ መለስኩላቸው።

ነገ ሞረድ ይዤ ሄጄ ስምህን እፍቀዋለሁ። የሕያው ሰው ስም የቅሬ ድስት ላይ አይጻፍም።

ከዚህ ጋር የበሬ ቆዳውን ልኬልሃለሁ። ሰፊ ነው፣ ቀለም አልነካውም። ሦስቱ የእርሳስ ክብደቶችም አሉበት፤ እነሱን አላቀለጥኳቸውም ነበር። ሌላ የምልክልህ የለኝም። የመረጥኩልህ ነገር ሁሉ እንዲህ ሆኖ ቀረ። አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።

ወልዴ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጋሼ ወልዴ፤

አውፍ ብያለሁ። እርስዎም አውፍ ይበሉኝ።

ቆዳው ደርሶኛል። ነክሼ ሞከርኩት፣ ልክ ነው። የምስብበት ቀስት ግን የለም፤ ከየትም አይመጣም፤ ያን ፈረንጅ የት ብዬ እፈልገዋለሁ? ካላማዳሪያውን ከአልጋው እግር ፈትቼዋለሁ። እርሳሶቹን ኢልሀም ስትቀድ ጨርቁ እንዳይነሳባት ታስቀምጥባቸዋለች።

ለኢድ አልመጣም። ሐይቁ ዳር ቆሜ የማሳይዎት ነገር የለኝም።

ስሜን ካልፋቁት ይተዉት። ፍቀውት ከሆነ እንደገና ይጻፉት። እጄን የት እንደጣሉት አላውቅም፤ ዱአ ያደረገለትም፣ ንፍሮ የቀቀለለትም አልነበረም። ያ ሰደቃ ለእሱ ይሁንለት። እንግዲህ ሐይቅ ከተማ የተለቀሰለት ሟች ካለኝ ያ እጄ ነው።

የእጄን ልክ ሦስት ጊዜ ጠይቀውኝ ነበር። ከዚህ ወረቀት ጀርባ የግራውን አስምሬልዎታለሁ። ኢልሀም ላስምርልህ ብላ ነበር፣ እንቢ አልኳት። እስክሪብቶውን በጥርሴ ይዤ ነው ያሰመርኩት። አውራ ጣቱ ጋ ስደርስ ጭንቅላቴ ተንቀጥቅጦ መስመሩ ወጣብኝ፤ ሌላው ደህና ነው። በእሱ የሚቆረጥ ነገር የለም። እንዲሁ ይኑርዎት ብዬ ነው።

ልጅዎ ሰዓድ